የሩቅ አገር ሐኪም ስንቅ

ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ ስንቁን ይሰንቃል። ስንቁ ያነሰ እንደ ሆነ በመንገድ ይራባል፤ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ሸክሙ ያደክመዋል። እኛም በዚህ ዓመት የመጨረሻውን ክፍል ጨርሰን ከትምህርት ቤታችን የምንወጣ ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን ስለ ስንቅ ማሰብ ተገቢያችን ነው። ከመካከላችን ሕክምና ለመማር የሚመኙ ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በክርስቲያናዊ ፍቅር ተነሣሥተው ወደ ሰው አገር ሄደው ድኾችን ለማከም ያስባሉ። እኛ ፊደል የቆጠርነው በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የሚስዮን ሐኪሞች ወደ አገራችን ሲመጡ እንዴት ተዘጋጅተው እንደ መጡ፣ ስንቃቸውም በምን እንደ ሞላ በምንስ እንደ ጎደለ ከታሪክ ለመመርመር ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ ሚስዮናዊ ሐኪም ማለት ምን እንደ ሆነ እንናገር። ሚስዮናዊ ሐኪም የሕክምና ዕውቀትንና የሃይማኖት ተልእኮን በአንድነት ይዞ ከአገሩ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው ነው። ሁለቱ ነገሮች ዘወትር በሰላም አብረው አይኖሩም። በሽተኛው የሚፈልገው ከሕመሙ መዳንን ነው፤ የላከው ማኅበር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ሰው ትምህርቱን እንደ ተቀበለ ነው። በዚህ መካከል የቆመ ሐኪም መድኃኒቱን እንደ መደለያ የቈጠረው እንደ ሆነ ሕዝቡ ቶሎ ያውቅበታል። ስለዚህ የዝግጅቱ ነገር በሐኪም ቤት በሚማሩት ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

ደግሞም የውጭ ሐኪሞች የመጡት ሕክምና ፈጽሞ ወዳልነበረበት አገር አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። ከየጥኖራ ጀምሮ በቢቸና አድርጎ እስከ ሞጣ በሚዘልቀው አገራችን የተሰበረ አጥንት የሚጠግን ወጌሻ፣ ሥራ ሥርና ቅጠል የሚያውቅ መድኃኒተኛ፣ ምጥ የያዛትን ሴት የምትረዳ የልምድ አዋላጅ ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ለኮሶ ትል ኮሶ ይጠጣ ነበር። ፈንጣጣንም ለመከላከል ከታመመው ሰው ቍስል ጥቂት ወስዶ በጤነኛው ሰው ቆዳ ላይ በመጫር የማስያዝ ልማድ በአገራችን እንደ ነበረ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። በእርግጥ ይህ ሁሉ ብዙ በሽታ የማይደርስበት፣ አንዳንዱም ጕዳት ያለው ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ስለ ጤናው የራሱ ዕውቀትና የራሱ ባለሙያ ነበረው። ይህንን ሳያውቅ የመጣ ሐኪም ባዶ ቤት የገባ መስሎት ሰው ያለበት ቤት ገብቶ ይገኛል።

የጎጃም ሰው የዝግጅትንም ትርጉም አሳምሮ ያውቃል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ወርቅ፣ ወይም ሌላ የታወቀ መምህር ባለበት ደብር ጎጆ ቀልሶ፣ ቍራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ብዙ ዓመት ይማራል። ዜማው፣ ቅኔው፣ መጻሕፍቱ እስኪገቡት ድረስ መምህር አይባልም። ዛሬ ለሕክምና የሚያስፈልገው ትዕግሥት ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ሕክምናንና ሃይማኖትን ይዘው ከመጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ፔተር ሄይሊንግ የተባለው የሉቤክ ከተማ ጀርመናዊ ነው። ይህ ሰው ኢትዮጵያ የደረሰው በ1630ዎቹ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ነው። ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት በግብፅ ገዳማት ተቀምጦ የምሥራቁን ክርስቲያኖች ቋንቋና ሥርዓት አጠና፤ የመጣውም ለአገራችን ከተሾሙት ጳጳስ ጋር ነው። በጎንደር በሐኪምነትና በመምህርነት ሲሠራ፣ የዮሐንስን ወንጌልም ወደ አማርኛ እንደ መለሰ ይነገርለታል። በመንገዱ ላይ ያሳለፈው ጊዜ ባክኖ የቀረ አልነበረም፤ በአገሩ ሰዎች ዘንድ እንደ ባዕድ ብቻ ሳይታይ ሊኖር የቻለው በዚያ ጊዜ በተማረው ነገር ነው።

ይህ ሰው በመጣበት ዘመን የአገራችን ሕዝብ በውጭ ሰባክያን ላይ እጅግ ይጠራጠር ነበር። ምክንያቱም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው በአገሪቱ ብዙ ደም ፈሶ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የአባቶቻችን ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዐወጁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። የዚህን ነገር ምልክት ለማየት ከእኛ አገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቢቸናና ከሞጣ ብዙ በማይርቀው በመርጡለ ማርያም፣ እቴጌ እሌኒ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቦታ ላይ ኢየሱሳውያን በ1620ዎቹ የሠሩት የጥርብ ድንጋይ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ጠራቢዎቹ ጥበበኞች እንደ ነበሩ ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል። ሆኖም ሥራው ከሕዝቡ ልብ ስላልገባ ሠሪዎቹ ተሰደዱ። ከእነርሱ በኋላ የመጣ ማንኛውም ሚስዮናዊ፣ ሐኪምም ቢሆን፣ በሕዝቡ ዘንድ ይህ ትዝታ ይጠብቀው ነበር።

የሥጋም ዝግጅት ቀላል ነገር አልነበረም። በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ በሱዳን በኩል ጎንደር ሲገባ፣ አብሮት የተጓዘው ኢየሱሳዊ አባት ብረቭዳን ከተማዪቱን ሳያይ በመንገድ በበሽታ ሞተ። በ1752 ደግሞ ሬሜዲዩስ ፕሩትኪ የተባለው የቦሔሚያ ፍራንሲስካዊ መነኵሴ ወደ ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘንድ መጥቶ በሕክምናው ተወድዶ ነበር፤ ዳሩ ግን በሃይማኖቱ ምክንያት ብዙ ሳይቀመጥ ተመለሰ። እንግዲህ አንዱን በሽታው ሌላውን ጥርጣሬው መለሰው እንላለን።

በ19ኛው መቶ ዓመት የሕክምና ሚስዮን ሥራ እንደ ሙያ ተቈጥሮ ትምህርት ቤት ወጣለት። አሜሪካዊው ፒተር ፓርከር ሕክምናና ሃይማኖት በአንድነት ተምሮ በ1834 ወደ ቻይና ሄደ፤ በማግሥቱም ዓመት በካንቶን ከተማ የዓይን ሐኪም ቤት ከፈተ። ዳዊት ሊቪንግስተን በስኮትላንድ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ ካጠራቀመው ገንዘብ እየከፈለ ሕክምና ተማረ። በ1841 በኤዲንብራ ከተማ ሚስዮናውያን ሐኪሞችን የሚረዳ ማኅበር ተቋቋመ። ከዚህም ሌላ በዚያው መቶ ዓመት ሳይንስ ራሱ ትልቅ ስንቅ ጨመረላቸው። በ1846 በሽተኛን በኤተር አደንዝዞ መቅደድ ተቻለ፤ በ1867 ሊስተር ቍስልን ከጀርም የመጠበቅን ዘዴ አስታወቀ፤ በ1897 ሮናልድ ሮስ ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። በ1899 በሊቨርፑልና በለንደን የቈላ በሽታ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ወደ አፍሪካ የሚመጣ ሐኪም ከአገሩ ሳይነሣ ስለ ወባ፣ ስለ ተስቦና ስለ ሥጋ ደዌ ለመማር ቻለ።

በዝግጅቱ እጅግ የታወቀው አልበርት ሽቫይትዘር ነው። እርሱ የነገረ መለኮት መምህር፣ የኦርጋን ሙዚቃ ሊቅ ሆኖ ሳለ በ1905 በ30 ዓመቱ እንደገና ተማሪ ሆኖ ሕክምና ጀመረ፤ በ1913ም ከሚስቱ ጋር ወደ ጋቦን ሄዶ በላምባሬኔ ሐኪም ቤት አቋቋመ። የተከበረ ሰው የክብሩን ወንበር ትቶ ከወጣቶች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ መቀመጡ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ይኸው ታላቅ ሰው በአስተርጓሚ እየተነጋገረ ኖረ እንጂ የአካባቢውን ሕዝብ ቋንቋ አልተማረም። በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች አፍሪካውያንን እንደ ታናናሽ ወንድሞች እንጂ እንደ እኩዮቹ አላየም ብለው ነቅፈውታል። ከስንቁ የጎደለው ምን እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

ወደ አገራችን ከመጡት ሚስዮናውያን ሐኪሞች ታሪካቸው በሰፊው የተጻፈው ዶክተር ቶማስ ላምቢ ናቸው። በ1885 በአሜሪካ በፒትስበርግ ተወለዱ፤ በ1907 የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው በፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን በኩል ወደ ሱዳን ሄዱ። በዚያም በሶባት ወንዝ ዳር በናስር ለብዙ ዓመት ሠሩ። የሶባት ውኃ ከኢትዮጵያ የሚወርደው ባሮ ነው፤ ስለዚህ ዶክተሩ ገና አገራችንን ሳያዩ የአገራችንን ወንዝ ጠጥተዋል ማለት ይቻላል። በ1918 በዓለም ሁሉ የተሠራጨው የሳንባ ወረርሽኝ፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፣ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ጊዜ የምዕራብ ወለጋ ገዥ ሐኪም እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ዶክተር ላምቢም በ1919 ከባለቤታቸው ጋር በጋምቤላ በኩል ወጥተው በሳዮ፣ ማለት በደምቢ ዶሎ፣ ተቀመጡ። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ የመጡት ተጠርተው ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በጎሬ የኢሉባቦር ገዥ ለነበሩት ለራስ ናደው በጆሯቸው የገባውን ተባይ አወጡላቸው ይባላል። ነገሩ ለሐኪም ትንሽ ነው፤ ለታመመው ግን ዕረፍት ነው። ራስ ናደውም ስለ ሐኪሙ ለአልጋ ወራሽ ለራስ ተፈሪ መሰከሩላቸው። ከዚህም የተነሣ በአዲስ አበባ በጉለሌ ሆስፒታል እንዲሠሩ ተፈቀደ። ገንዘቡን የሰጡት የኦሃዮ ሰው ሚስተር ጆርጅ ስለ ነበሩ ሆስፒታሉ በስማቸው ተጠራ። ዶክተሩ በ1927 መጨረሻ ከሌሎች ሚስዮናውያን ጋር አዲስ ጉዞ አሰቡ፤ በ1928 በበቅሎ ወደ ደቡብ ወርደው በሆሳዕና፣ በወላይታና በሲዳሞ ጣቢያ አቆሙ። በ1934ም የኢትዮጵያን ዜግነት ተቀበሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች በአገራችን ኖረው በአገራቸው ሕግ ይጠበቁ ስለ ነበረ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ሆኖም እስካሁን የቈጠርነው ዝግጅት ሁሉ የሚፈተንበት ቀን መጣ። በ1935 ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ፤ ዶክተር ላምቢም ጸሐፊው ሆኑ። በጉለሌው ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሮበርት ሆክማን ወደ ኦጋዴን ወርደው በደጋህቡር ቍስለኞችን ሲያክሙ፣ ሳይፈነዳ የወደቀ ቦምብ ሰውን እንዳይጎዳ ለማክሸፍ ሲሞክሩ ፈንድቶ በታኅሣሥ 1935 ሞቱ። የስዊድን ሚስዮን ሐኪም የነበሩት ዶክተር ፍሪዴ ሒላንደር የስዊድንን ቀይ መስቀል ጓድ መርተው ከራስ ደስታ ጦር ጋር በገናሌ ወንዝ ዳር በመልካ ዲዳ ሰፍረው ነበር። በ30 ዲሴምበር 1935 የኢጣልያ አውሮፕላኖች የቀይ መስቀል ምልክት እያዩ ድንኳኖቹን ደበደቡ። ዶክተሩ ቈሰሉ፤ ረዳታቸው ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ፤ በሽተኞችም አለቁ። በአገራችን የሕክምና ሚስዮን ለማቆም ያስቡ የነበሩት እንግሊዛዊው ዶክተር ጆን ሜሊ ደግሞ በ1936 አዲስ አበባ በተዘረፈችበት ሰሞን ቍስለኛ ሊያነሡ ከመኪናቸው ሲወርዱ ተመትተው ሞቱ። እነዚህ ሰዎች የተማሩት ስለ ወባና ስለ ቍስል ነበር፤ ስለ አውሮፕላን ቦምብ ማንም አላስተማራቸውም። ቢሆንም ከበሽተኞቻቸው አልተለዩም።

ዶክተር ላምቢ ግን በሌላ ፈተና ወደቁ። አገሪቱ ከተያዘች በኋላ የሚስዮኑን ሥራ ለማትረፍ ብለው ለኢጣልያ ሹማምንት ስለ ተለሳለሱ የንጉሠ ነገሥቱን ወዳጅነት አጡ፤ የቀረውን ዘመናቸውንም በሱዳንና በቤተ ልሔም አሳልፈው በ1954 ዐረፉ። ስለዚህ ነገር ዛሬ ተቀምጠን ልንፈርድባቸው አንቸኩልም። አንድ ነገር ግን እንማራለን፤ የሌላውን ሕዝብ ዜግነት የተቀበለ ሰው የመከራውንም ቀን አብሮ መቀበል ይጠበቅበታል። ሆስፒታል ቢፈርስ ይሠራል፤ እምነት የፈረሰ እንደ ሆነ ግን እንደገና ለመሥራት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

እስካሁን ስለ ውጭ አገር ሰዎች ተናገርን። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው ግን የአገራችን ልጅ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ነው። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ ከጎንደር የመጣ አንድ ትንሽ ልጅ ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ ወሰዱት፤ በአሳዳጊዎቹም ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በአምሪትሳር በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1882 በላሆር የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ፤ በኋላም በስኮትላንድ ትምህርቱን አሻሽሎ በበርማ በሐኪምነት አገለገለ። ከዓድዋ ድል በኋላ ግን ልቡ ወደ አገሩ ስለ ተሳበ በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ አዲስ አበባ ገባ። ዘመዶቹም በገላው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ለዩት። የጠፋው ልጅ ተገኘ፤ ነገር ግን የእናቱን ቋንቋ ረስቶ ስለ ነበረ በአስተርጓሚ ተነጋገሩ።

ይህንን ነገር እናስበው። በዚያ ጊዜ በአውሮፓ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሳቸው ነበሩ። መልካቸው እንደኛው ነው፤ ደማቸው እንደኛው ነው፤ እጃቸው በጥበብ የተሞላ ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው በሽተኛ ሲያዩ፣ በሽተኛው የሚነግራቸውን በቀጥታ ለመስማት አልቻሉም። የአገራችን ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። በሽታውን ለመንገር ደፍሮ የመጣው ሰው ቃሉ በሦስተኛ ሰው አፍ የሚያልፍ ከሆነ ግን ግማሹን ደብቆ ይቀራል፤ ይልቁንም ሴቶች ይደብቃሉ። ሐኪም ወርቅነህ ይህንን ስለ ተረዱ አማርኛን እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምረው ተማሩ፤ በኋላም የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ እስከ መጻፍ ደረሱ። በርማ ተመልሰው አገልግሎታቸውን ከጨረሱ በኋላ በ1919 ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቆም ደከሙ፤ ጨርጨርን ገዙ፤ በወረራው ዘመን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ተከራከሩ። በ1952 ዐረፉ።

መንግሥትም የቋንቋን ነገር በሕግ አስገባው። ከነጻነት በኋላ በ1944 ስለ ሚስዮኖች የወጣው ደንብ አገሪቱን በሁለት ከፈላት፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሚበዙባቸው እንደ ጎጃም ባሉ ክፍሎች ሚስዮኖች ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ይችሉ ነበር እንጂ ሰውን ወደ ራሳቸው ማኅበር ሊያስገቡ አይፈቀድላቸውም ነበር። ደንቡ ሚስዮናውያን አማርኛ እንዲማሩም ይጠይቅ ነበር። ይህ ለአንዳንዶቹ እንደ እንቅፋት ታያቸው። በእኛ አስተያየት ግን ለሐኪሞቹ ጠቀማቸው፤ መድኃኒቱን ከስብከቱ ሳያስተሳስሩ ለበሽተኛው ስለ በሽተኛነቱ ብቻ እንዲሰጡት አስተማራቸውና። ከሞጣ ወርዶ በሰባራ ድልድይ ዓባይን ለሚሻገር መንገደኛ በወዲያኛው ማዶ በደብረ ታቦር የአድቬንቲስት ሚስዮን ሆስፒታል ነበረ። በዚያ የታከመ የጎጃም ወይም የበጌምድር ገበሬ ማተቡን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ታክሞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የዝግጅትን ነገር በሌላ መልክ ያሳዩናል። ባልየው የኒው ዚላንድ፣ ሚስትየዋ የአውስትራልያ ተወላጆች ሲሆኑ ሁለቱም በማሕፀንና በወሊድ ሕክምና የሠለጠኑ፣ በክርስትና እምነታቸውም የታወቁ ነበሩ። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አንብበው በ1959 ለሦስት ዓመት ውል አዲስ አበባ ገቡ። ይህን ያህል ሠልጥነው ሳሉ ከመምጣታቸው በፊት የፊስቱላ በሽተኛ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር።

ፊስቱላ ምን እንደ ሆነ የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ሊያውቅ ይገባዋል። ሴቲቱ ምጥ ጸንቶባት ሁለት ሦስት ቀን ስትጨነቅ የሕፃኑ ራስ የፊኛዋን ሥጋ ተጭኖ ያሞተዋል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እርስዋም ብትተርፍ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ባሏ ይተዋታል፤ ጎረቤት ይሸሻታል፤ ከቤተ ክርስቲያንም ከሠርግም ትቀራለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥፋት ስለ ሠራች ሳይሆን በጊዜው የሚያዋልዳት ስላጣች ነው። ሐምሊኖች ይህንን ባዩ ጊዜ እንደገና ተማሪዎች ሆኑ፤ ግብፃዊው ሐኪም ናጊብ ማሕፉዝ ስለዚሁ ቀዶ ሕክምና የደረሱበትን አጠኑ፤ ከእያንዳንዷ በሽተኛ እየተማሩ እጃቸውን አፍታቱ። በ1974 የአዲስ አበባን የፊስቱላ ሆስፒታል መሠረቱ። በኋላም በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞች ቅርንጫፎች ተከፈቱ፤ ስለዚህ የቢቸናና የሞጣ እናቶች አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ቀረላቸው። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። የሦስት ዓመቱ ውል ስድሳ ዓመት ሆነ።

ከሁሉ የበለጠው ሥራቸው ግን ተማሪ ማስቀረታቸው ነው። ማሚቱ ጋሼ የተባሉት ሴት ራሳቸው በፊስቱላ ታመው ከገጠር የመጡ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ነበሩ። ድነው በሆስፒታሉ ቀሩ፤ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው፣ ዕቃ ከማቀበል አልፈው፣ በመጨረሻ ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉና ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ሆኑ። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ተማሪዎቹ ከገጠር ተመልምለው ሠልጥነው ወደ ገጠር ይመለሳሉ። በሽታውን ከማከም ይልቅ እንዳይመጣ መከልከል ይበልጣልና።

መንግሥታችንም ይህንኑ መንገድ ይዞ ነበር። በ1953 በደንቢያ በቆላ ድባ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ስለ ፈጀ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኰንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድ ጓድ እየሆኑ ወደ አውራጃ ከተሞች ተላኩ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ደግሞ ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት አሰማራ። እነዚህ እኅቶቻችን ዶክተሮች አይደሉም፤ ነገር ግን ሚስዮናውያኑ ብዙ ዓመት የደከሙበትን ስንቅ ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል፤ ይኸውም የሕዝቡ ቋንቋና የሕዝቡ እምነት ነው። ወደ አንዲት ነፍሰ ጡር ቤት ሲገቡ ውሻው እንኳ አይጮኽባቸውም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እናገኛለን? እጅን ማሠልጠን የመጀመሪያው ነገር መሆኑ የማያጠራጥር ነው። መልካም ልብ ያለው ሰነፍ ሐኪም በሽተኛውን ይገድላል፤ «ስለ ፍቅር ብዬ ነው» ማለቱም ከተጠያቂነት አያድነውም። ዳሩ ግን በእጅ ብቻ የተዘጋጀ ሰው የመርጡለ ማርያምን ድንጋይ ጠራቢዎች ይመስላል፤ ሥራው ያምራል፤ ነዋሪ ግን አያገኝም። ከእጅ ቀጥሎ ጆሮን ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ቋንቋ የምንማረው ለመናገር ብቻ ሳይሆን በሽተኛው በሹክሹክታ የሚለውን ለመስማት ነው። በመጨረሻም ሐኪሙ አንድ ቀን እንደሚሄድ ወይም እንደሚሞት ዐውቆ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚተካውን ሰው ማስተማር አለበት። ማንም ሳይተካ የሄደ ሐኪም ምንም ያህል ቢደክም መድኃኒት ቤቱን ቈልፎ ቍልፉን ይዞ እንደ ሄደ ይቈጠራል።

አንዳንድ ሰዎች «እኛ ገና ሐኪም የሚያስፈልገን ሕዝብ ሆነን ሳለ ልጆቻችን ወደ ሌላ አገር መሄዳቸው ምን ይባላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኛም ስንከራከርበት ሰንብተናል። ክረምት ሲገባ ወንዝ ሞልቶ በምጥ የተያዘች ሴት በቃሬዛ ተይዛ ማዶ የምትቀርበት ቦታ በአውራጃችን እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ የሩቅ አገር ተልእኮ ከቅርቡ ይበልጣል አንልም። እንዲያውም በቢቸና ወይም በሞጣ ሆስፒታል በትዕግሥት መሥራት ያልቻለ ሰው በደቡብ ሱዳን ወይም በቻድ ይችላል ብለን አናምንም። ነገር ግን ዶክተር ላምቢ ከሶባት ወደ ባሮ እንደ ወጡ ሁሉ ከእኛም አንዱ ባሮን ተከትሎ ወደ ሶባት የሚወርድበት ቀን ቢመጣ፣ የተቀበልነውን ብድር መመለስ ነውና ደስ ይለናል። ያ ሰው ግን ተጠርቶ ይሂድ እንጂ ራሱን አይጫን፤ የሚሄድበትን ሕዝብ ወጌሻና አዋላጅ አይናቅ፤ ቋንቋውን ከፊደል ይጀምር።

የክፍላችን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ከእንግዲህ በየመንገዳችን እንበተናለን። ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ሄዶ ሕክምና የሚማር ከመካከላችን ይኖራል። የሕክምና መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ በብርቱ ያጥናቸው። በዕረፍት ቀኑ ግን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ እናቲቱ ሕመሟን በምን ቃል እንደምትጠራው ይስማ፤ ያንንም በደብተሩ ይጻፍ። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ለመፈጸም ግን የብዙ ዓመት ትምህርት ያስፈልገዋል።